ወንዱ የትኛው ነው?

ባምቢስ በአዲስ አበባ ከተማ፣ በካዛንቺስና በቂርቆስ አካባቢ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ የወጣለት ከአንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስምም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነው። ሰው በየዕለቱ ስሙን ይጠራል እንጂ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። እኛም አንጠይቅም ነበር። ከዘመትነው ተማሪዎች መካከል ሦስታችን ያደግነው እዚያው ባምቢስ ነው።

በልጅነታችን የበልግ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲርስ፣ ማታ ማታ በመንገድ መብራት ሥር እንሰበሰብ ነበር። ብርሃኑን አይተው የሚመጡት በራሪ ነፍሳት ብዙ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ አንድ ቀጠን ያለ ቡናማ ጢንዚዛ አለ። በጀርባው ስናስተኛው መጀመሪያ ጸጥ ይላል። የሞተ ይመስላል። ድንገት «ቀጭ!» ብሎ ወደ ላይ ይወረወርና በእግሩ ይወድቃል። እኛም «ቀጭ ባይ» እንለው ነበር። የማን ጢንዚዛ ከፍ ብሎ ይዘላል እያልን በቆርኪ እንወራረዳለን። የተሸነፈ ቆርኪውን ያስረክባል። ጢንዚዛውም ይጣላል። ስለ ቀጭ ባይ የምናውቀው ይኸው ነበር።

ይህን ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። በዘመትንበት መንደር የማታ ትምህርት የምንሰጠው በፋኖስ ነበር። አንድ ማታ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ አንድ ጢንዚዛ ከጣሪያው ወርዶ ከአንዲት እናት ደብተር ላይ ዱብ አለ። ሴትዮዋ በእርሳሳቸው ገልበጥ ቢያደርጉት «ቀጭ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኛም ደስ አለን። የሰፈራችንን ጢንዚዛ በገጠር አገኘነው አልን። አንድ አዛውንት ግን አልሳቁም።

«ልጆቼ፣ ይህን ታውቁታላችሁ ማለት ነው?» አሉን።

«እናውቀዋለን እንጂ አባባ፤ ስንጫወትበት አደግን» አልናቸው።

በማግሥቱ አዛውንቱ ከድንች ማሳቸው አንድ እፍኝ አፈር በቅል አምጥተው ከፊታችን ዘረገፉት። አፈሩ ውስጥ ሦስት ትሎች አሉ። ቢጫ ናቸው፤ ቀጭን ናቸው፤ ሲነኳቸው እንደ ሽቦ ጠጥረዋል። ከአንገታቸው በታች ስድስት አጫጭር እግሮች አሏቸው። ከትሎቹ ጋር ሁለት ነጫጭ፣ ለስላሳ፣ የማይራመዱ ነገሮችም ነበሩ። «ይህንስ ታውቁታላችሁ?» አሉን አዛውንቱ። አላወቅነውም። እሳቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ድንቹን እንደ ወስፌ ይበሳዋል። በቆሎ ሲዘራም ዘሩን ሳይበቅል ከሥር ይበላዋል።

አፈሩን ከነትሎቹ በማሰሮ አድርገን እርጥብ ጨርቅ ሸፈንበት። አንዱን ትል ለብቻው በቆርቆሮ ውስጥ ብናስቀምጠው አፈሩ ደርቆ በሦስት ቀን ሞተ፤ ይህ የእኛ ጥፋት ነበር። የማሰሮው ግን ደኅና ሰነበተ። ከሃያ ቀን ያህል በኋላ ማሰሮውን ስንከፍት ሁለቱ ነጫጭ ነገሮች የሉም። በቦታቸው ሁለት ቡናማ ጢንዚዛዎች ቆመዋል። አዛውንቱ አንዱን አንሥተው በመዳፋቸው ላይ በጀርባው አስተኙት። «ቀጭ!»

አዛውንቱ ትሉን ያውቃሉ፤ ጢንዚዛውን አያውቁም። እኛ ጢንዚዛውን እናውቃለን፤ ትሉን አናውቅም። ሁለቱ ግን አንድ ፍጡር ናቸው። እኛ በባምቢስ ስንወራረድበት የኖርነው የድንቹ ጠላት ወገን ነበር።

እስቲ የዚህን ነፍሳት አኗኗር ከሥሩ እንይ። እናቲቱ እንቁላሏን አፈር ውስጥ ትጥላለች። ከእንቁላሉ ትል ይፈለፈላል። ይህ ትል በብዙዎቹ ዓይነቶች ዘንድ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ከመሬት በታች ይኖራል። ከዚያ በኋላ ያ ያየነው ነጭ ለስላሳ ነገር ይሆናል፤ በመጽሐፍ ፑፓ ይባላል። አይበላም፣ አይራመድም። በውስጡ ግን ክንፉና እግሩ ይሠራል። መጨረሻ ላይ ጢንዚዛ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በመብራት ሥር ለጥቂት ቀናት የምናየው ጢንዚዛ ዕድሜውን በሙሉ ሲሠራ የኖረው በጨለማ፣ በማረሻችሁ ሥር ነው። ሰብል የሚጎዳውም በአብዛኛው ትሉ ነው እንጂ ጢንዚዛው አይደለም።

ደግሞም ትሉ ሁሉ ጠላት አይደለም። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የቀጭ ባይ ዓይነቶች ወደ 10,000 ይጠጋሉ። ከነዚህ የአንዳንዱ ትል ሥርና ዘር ይበላል። የአንዳንዱ በበሰበሰ ግንድ ውስጥ ይኖራል። የአንዳንዱ ደግሞ ሌሎች ትሎችን እያደነ ይበላል፤ ይህኛው ለገበሬ ወዳጅ ነው። በዓይን ሲታዩ ግን ይመሳሰላሉ። ወዳጅን ከጠላት ለመለየት ዓይነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ዓይነቱን ለማወቅ ደግሞ ወደ ጢንዚዛው፣ በተለይም ወደ ወንዱ መሄድ የግድ ይሆናል። ለምን ወንዱ እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በቅድሚያ ስለ «ቀጭ» ጥቂት እንበል፤ ማታ ማታ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን እሱን ነውና።

ጢንዚዛው የሚዘለው በእግሩ አይደለም። በጀርባው ተኝቶ እግሩ አየር ላይ ነው፤ መሬት አይነካም። ወስፈንጥር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እንጨቱን በቀስታ ታጎብጡታላችሁ፤ በትንሽ መያዣ ትሸነቁሩታላችሁ። መያዣው ሲለቅ ቀስ ብሎ የተጠራቀመው ኃይል በአንዴ ይወጣል። ጢንዚዛውም እንዲሁ ነው። ከደረቱ ሥር አንድ ሹል አጥንት መሳይ አለው። በዚያ ትይዩ፣ ከዚያው ከደረቱ ሥር ወደ ኋላ በኩል፣ ጉድጓድ አለ። ሰውነቱን ሲለጥጥ ሹሉ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይያዛል። ጡንቻው ይስባል፣ ይስባል፤ ሰውነቱ እንደ ጎበጠው እንጨት ኃይል ያጠራቅማል። ሹሉ ሲያመልጥ «ቀጭ» ይልና ጢንዚዛው ይወረወራል። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በፈጣን የራጅ ፊልም አንሥተው የጥናታቸውን ውጤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 አውጥተዋል።

ዝላዩ ቀላል አይደለም። እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ተለክቷል። ይህ የጢንዚዛውን ርዝመት ከሃያ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሰው ቢሆን ኖሮ በጀርባው ተኝቶ፣ እጁንም እግሩንም ሳያንቀሳቅስ፣ ከረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ደረሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማሰሯችን እንመለስ። ከማሰሮው የወጡት ሁለት ጢንዚዛዎች አንድ አልነበሩም። አንዱ ቀጠን ያለ ነው። በራሱ ላይ ያሉት ሁለት ክሮች ረጃጅም ናቸው። እነዚህ ክሮች ቀንድ ቢመስሉም የሚያሸትባቸውና የሚዳስስባቸው ስለሆኑ መዳሰሻ እንላቸዋለን። ሁለተኛው ደግሞ ሰፋ ያለ፣ ሆደ ሙሉ፣ መዳሰሻውም አጠር ያለ ነው። እኛ ተማሪዎቹ ተከራከርን። አንዳችን «ሁለት ዓይነት ጢንዚዛ ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ አንዱ ያላደገ ነው» አለ። ጢንዚዛ ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን አያድግም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሐሳብ ስሕተት ነበር። የመጀመሪያውም ቢሆን። ክርክራችንን የሰሙት እናት፣ እኒያ ጢንዚዛው ደብተራቸው ላይ የወደቀባቸው፣ «አውራ ዶሮና እንስት ዶሮስ ብታዩ ሁለት ወፍ ልትሉ ነው?» አሉን። አፈርን። በአራተኛው ማታ ጢንዚዛዎቹ ሲገናኙ አየናቸው። ቀጭኑ ወንድ፣ ሰፊዋ ሴት ሆኑ።

በዚህ ስሕተት የወደቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። የተማሩ ሰዎች፣ ያውም ስመ ጥሮች፣ ወድቀውበታል። በአውሮፓ አንድ ትንሽ በራሪ ጢንዚዛ ነበር። መዳሰሻው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣ፣ ሰውነቱም ለስላሳ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1790 ለወገኑ ድሪለስ የሚል ስም ወጣለት። በ1824 ደግሞ ሚየልዚንስኪ የሚባል ሰው በጄኔቭ ከተማ በቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ አንድ ጸጉራም ትል አገኘ። ትሉ ቀንድ አውጣውን በልቶ በቤቱ ገብቶበታል። ካደገ በኋላም ክንፍ አላወጣም። እሱም አዲስ ፍጡር አገኘሁ ብሎ «ቀንድ አውጣ ገዳይ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት።

በዚያው ዓመት ደማሬ የሚባል፣ በፓሪስ አጠገብ በአልፎር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሊቅ ጉዳዩን መረመረ። ያቺ ክንፍ የሌላት «ቀንድ አውጣ ገዳይ» የድሪለስ ሚስት ሆና ተገኘች! ባልየው በአንድ ስም፣ ሚስትየዋ በሌላ ስም፣ እንደ ሁለት ባዕዳን በመጽሐፍ ተመዝግበው ነበር። ሴቷ ከወንዱ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ትል ትመስላለች። ማን ባልና ሚስት ናቸው ብሎ ይጠርጥር? እኛማ ይህን ታሪክ ስናነብ ትንሽ ተጽናናን።

የድሪለስ ነገር በዚህ አላበቃም። ሰውነቱ ለስላሳ ስለሆነና ቀጭ ስለማይል፣ ለብዙ ዘመን ከቀጭ ባይ ወገን አልተቆጠረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ሁለት የቼክ አገር ተመራማሪዎች፣ ኩንድራታና ቦትሳክ፣ የዘር ውርሱን መርምረው ከቀጭ ባዮች ቤተሰብ መሆኑን አሳዩ። መዝለሉን የተወ ዘመድ ነው ማለት ነው።

ይህ ወገን በአገራችንም አለ። በአፍሪካ ውስጥ ከዚህ ወገን ስም የወጣላቸው አብዛኞቹ የሚታወቁት በወንዱ ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንዱ ክንፍ ስላለው ይበራል፣ ወደ መብራት ይመጣል፣ ይያዛል። ሴቷ ክንፍ ስለሌላት መሬት ለመሬት ትኖራለች። ሰብሳቢ ሊቅ ከሩቅ አገር መጥቶ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ወንዱን ይዞ ይሄዳል። ሴቷን የሚያገኛት ግን መሬቱን የሚቆፍር፣ ድንጋይ የሚያነሣ፣ አረም የሚነቅል ሰው ነው። በውኃ ገብ ማሳችሁ ዳር ቀንድ አውጣ አንሥታችሁ ቅርፊቱ ውስጥ ጸጉራም ትል ያያችሁ ካላችሁ፣ ያያችሁት ነገር በብዙ መጽሐፍ ውስጥ የለም።

የሜዲትራኒያን ባሕርን በሚያዋስኑ አገሮችም ሴብሪዮ የሚባል ሌላ ዘመዳቸው አለ። ሴቷ ከጉድጓዷ አትርቅም። ወንዶቹ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል በአንድነት ወጥተው እየበረሩ ይፈልጓታል። በመዓዛዋ ነው የሚያገኟት። የወንዱ መዳሰሻ መርዘሙና መስፋቱም ለዚሁ ነው፤ ከሩቅ ለማሽተት። በአፍሪካ ቆላማ አገሮች ቴትራሎቡስ የሚባል፣ የሰው አውራ ጣት የሚያህል ትልቅ ቀጭ ባይ አለ። የወንዱ መዳሰሻ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው። የሴቷ ግን መጋዝ ይመስላል። ትሉ የሚኖረው በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው።

የአውሮፓ ገበሬዎች ይህን የማሽተት ነገር ለጥቅም አውለውታል። ሊቃውንት የሴቷን መዓዛ የሚመስል ነገር ቀምመው በወጥመድ ያስቀምጡታል። ወንዶቹ ሚስት አገኘን ብለው ሲመጡ ይገባሉ። ስንት ወንድ እንደገባ በመቁጠር በማሳው አካባቢ ምን ያህል ጢንዚዛ እንዳለ ይገመታል። ነገር ግን የአንዱ ዓይነት መዓዛ ብዙውን ጊዜ ለሌላው ዓይነት ወንድ አይሠራም። የሚፈለገው ወንድ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ወጥመዱ ባዶውን ያድራል።

ወንዱ ለምን እንደሚፈለግ አሁን እንናገር። ብዙ ቀጭ ባዮች በመልክ አንድ ናቸው፤ ቡናማ፣ ቀጭን፣ ጸጉራም። በአጉሊ መነጽር እንኳ የማይለዩ አሉ። ሊቃውንት የሚለዩዋቸው በወንዱ ብልት ነው። ብልቱ ከሆዱ ውስጥ የተደበቀ፣ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙ የማይበልጥ ጠንካራ ነገር ነው። ቅርጹ በየዓይነቱ ይለያያል፤ አንዱ ጫፉ እንደ መንጠቆ፣ ሌላው እንደ ጦር ነው። ስለዚህ የአንድ ዓይነት ሴቷ ብቻ ከታወቀች ነገሩ ግማሽ ነው። ወንዱ ተገኝቶ፣ ተለክቶ፣ ተጽፎ፣ ተሥሎ ሲቀመጥ ነው ዓይነቱ ከጎረቤቶቹ የሚለየው።

ዘመቻው አልቆ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ በቀጣዩ በልግ ወደ ባምቢስ መብራት ሄድን። አሁን ለቆርኪ አልነበረም። ቀጠን ያለና መዳሰሻው የረዘመ አንድ ጢንዚዛ ይዘን፣ በክብሪት ሣጥን አድርገን፣ አራት ኪሎ ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ሳይንስ ክፍል ይዘነው ሮጥን። መምህራችን ሣጥኑን ከፍተው፣ «የት ተገኘ? መቼ? በምን ላይ?» ሲሉ ጠየቁን። አንዳችን «ሚያዝያ መጨረሻ» አለ። ሌላው «ግንቦት ገብቷል» አለ። ከመብራቱ ሥር ይሁን ከግድግዳው ላይ ይሁን እንኳ አልተስማማንም። መምህሩ ሣጥኑን ዘግተው መለሱልን። «ይህ ጢንዚዛ ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አይደለም» አሉን። እኛ ሰውን ጻፉ ስንል ከርመን ሳንጽፍ ቀረን!

በማግሥቱ ማታ እንደገና ሄድን። ሌላ ወንድ ያዝን። በዚህ ጊዜ ከመብራቱ ሥር ሆነን በእርሳስ ጻፍን። በኋላም በአጉሊ መነጽር አይተን መግለጫውን እንዲህ አዘጋጀነው፦

«ወንድ። ርዝመቱ 11 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 3 ሚሊሜትር። መልኩ ጥቁር ቡናማ፤ እግሮቹና መዳሰሻዎቹ ቀላ ያሉ። መላ አካሉ ላይ ወደ ኋላ የተኛ አጭር አመድማ ጸጉር አለ። መዳሰሻው 11 አንጓ ነው፤ ከአራተኛው አንጓ ጀምሮ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል። ወደ ኋላ ሲታጠፍ የደረቱን ጀርባ የኋላ ጫፍ በሁለት አንጓ ያልፋል። የደረቱ ጀርባ ከወርዱ ርዝመቱ ይበልጣል፤ የኋላ ማዕዘኖቹ ሹል ናቸው። በእያንዳንዱ ሽፋን ክንፍ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረዱ 9 ቦዮች አሉ፤ በቦዮቹ ውስጥ ነጠብጣብ ይታያል። ከደረቱ ሥር ያለው ሹል ቀጥ ያለና ጫፉ ጠባብ ነው።»

ይህን ስታነቡ ቃሉ ደረቅ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን ልብ ብላችሁ እዩት። «ትልቅ»፣ «ቆንጆ»፣ «የሚገርም» የሚል ቃል የለበትም። ለአንዱ ትልቅ የሆነ ለሌላው ትንሽ ነው። 11 ሚሊሜትር ግን ለእኛም፣ ለእናንተም፣ ለሩቅ አገር ሰውም 11 ሚሊሜትር ነው። ላም የጠፋችበት ሰው «ጥሩ ላም ጠፋችብኝ» አይልም። ቀለሟን፣ የቀንዷን አወጣጥ፣ የጆሮዋን ቅድ ይናገራል። ሰሚውም ላሟን ሳያያት ያውቃታል። መግለጫ መጻፍ ይኸው ነው። ዘጠኙን ቦዮች ስናይ ትልም ነው የመሰለን፤ በደንብ የታረሰ ማሳ በጣት ጥፍር ላይ። ይህን በመግለጫው ውስጥ ግን አላስገባነውም፤ መምህራችን ይሰርዙታል።

የአዛውንቱን ጢንዚዛዎችም አልጣልናቸውም። በዳግም አረቄ ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ አስቀምጠናቸው ነበር። አረቄ እንዳይበሰብሱ ይጠብቃቸዋል፤ ቀጭን አረቄ ግን ቶሎ ያበላሻል። ከጠርሙሱ ውስጥ አዛውንቱ በገዛ እጃቸው የጻፉት ወረቀት አለ። በእርሳስ ስለጻፉት አረቄው አልፈታውም። በቢክ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ሊለቅ ይችል ነበር። ፊደላቱ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ናቸው። እንዲህ ይላል፦ «ከድንች ማሳዬ። አንድ ስንዝር ከመሬት ውስጥ። ሚያዝያ 22 ትሉ። ግንቦት 13 ጢንዚዛው ወጣ። ግንቦት 17 ተገናኙ። ቀጭኑ ወንድ ነው።» የመንደሩንና የወረዳውን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱንም ረስተው ስለነበር በኋላ ከሥሩ ጨመሩበት።

መምህራችን ሁለቱን አስተያዩ። የባምቢሱን መግለጫ አንብበው «ጥሩ» አሉ። የአዛውንቱን ወረቀት ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ መስኮቱ ወስደው ደግመው አነበቡት። የእኛ ወንድ ከየት እንደመጣ፣ ትሉ ምን እንደሚመስል፣ ሴቷ የትኛዋ እንደሆነች አይናገርም። የሳቸው ትሉንም፣ ወንዱንም፣ ሴቷንም፣ ቀኑንም አንድ ላይ ይዟል። ቀጥሎ የሚሠራው የሁለቱን ወንዶች ብልት በአጉሊ መሣሪያ ማስተያየት ነው፤ የባምቢሱና የድንች ማሳው አንድ ዓይነት መሆን አለመሆናቸው የሚታወቀው በዚያ ነው። መምህራችን ጠርሙሱን በመደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጡ ወረቀቱን አላወጡትም። ከነአረቄው፣ ከነጎባጣ ፊደሉ ተቀመጠ።

የሚሠራ ሥራ፦ ድንች ወይም በቆሎ ከመዝራታችሁ በፊት፣ በተለይ ማሳው ቀድሞ ግጦሽ የነበረ ወይም ጦም ያደረ ከሆነ፣ አንድ ድንች ለሁለት ክፈሉ። ቁራጩን በእንጨት ሰክታችሁ ግማሽ ስንዝር ያህል ቅበሩት፤ እንጨቱ ምልክት እንዲሆን ጫፉ ይታይ። በማሳው አምስት ስድስት ቦታ እንዲሁ አድርጉ። ከሳምንት በኋላ አውጥታችሁ ቁጠሩ። ቢጫና ጠንካራ ትል በየቁራጩ ካገኛችሁ መሬቱን ደግማችሁ እረሱት፤ የተገለበጠውን ትል ዶሮና ወፍ ይለቅመዋል። ሁለት ሦስቱን ግን አስቀሩ። እርጥብ አፈር ባለበት ማሰሮ አኑሯቸው። ወረቀት ላይ ቦታውን፣ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ጥልቀቱንና የበላውን ሰብል በእርሳስ ጻፉ። ጢንዚዛ ሆኖ የወጣ እንደሆነ መዳሰሻውን እዩና ወንድ ወይም ሴት ብላችሁ ጨምሩበት። የማሰሮው ጨርቅ እንዳይደርቅ በየሁለት ቀኑ ውኃ አርከፍክፉበት።